ክፍላችን ድረስ ገብተው ለደገፉን አሰልጣኝ ምስጋና፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

እኛ የሂሳብና የሳይንስ መምህራን ነን። ይህን የምንጽፈው በግንባታዊ የማስተማር ዘዴ፣ ብዙዎች ኮንስትራክቲቪዝም በሚሉት፣ ላሠለጠኑንና ከዚያም ክፍል ድረስ እየገቡ ለደገፉን መምህርት ምስጋናችንን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ አክብረንላቸዋል። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ግን ሥልጠና ለሚፈልግ ትምህርት ቤት የሚጠቅመው ነገር የለም። ስለዚህ ምን እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚሠሩ በዝርዝር እንጽፋለን።

በዚህ ርዕስ የሚሰጡ ብዙ ሥልጠናዎች አንድ ዓይነት ናቸው። አሰልጣኙ ተማሪ ዕውቀትን ራሱ እንደሚገነባ ለሁለት ሰዓት ብቻውን ያወራል፣ መምህሩ ይጽፋል፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ የፒያዤና የቪጎትስኪ ስም በደብተር ይቀራል። እኚህ መምህርት የሚነሱት ከተማሪ ደብተር ነው። ከሥልጠናው በፊት ስህተት ያለባቸውን የቤት ሥራዎችና የፈተና ወረቀቶች ሰብስቡ ይላሉ፤ ትክክለኛውን መልስ አይፈልጉትም። ስህተቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መምህራኑን «ይህ ልጅ ምን ብሎ ቢያስብ ነው እዚህ የደረሰው?» እያሉ በምክንያት በምክንያት ያስለያሉ። «አላጠናም» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ ቆይቶ ግን የትምህርት ዕቅዱ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ጠረጴዛ እንደሆነ ይገባል።

አንዱን ቀረብ ብለን እናሳይ። 1/2 + 1/3 ሲባል 2/5 ብሎ የሚመልስ ተማሪ በየክፍሉ አለ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። የተለመደው መፍትሔ «እንዲህ አይደለም፣ የጋራ ታህት ፈልግ» ብሎ ደንቡን መድገም ነው። ልጁ ደንቡን ይሸመድድና ከወር በኋላ ወደ 2/5 ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ሐሳቡን የነካው የለምና። እሳቸው ያሳዩት መንገድ ይህ ነው። ለሁለት ተማሪ 24 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ጥቂት የወረቀት ጥብጣቦች ይሰጣሉ። ምንም ሳይቆረጥ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው «2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ለሚለው ግምቱን ይጽፋል። ከዚያ ይለካሉ፤ ግማሹ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት አምስተኛው 9.6 ሴንቲ ሜትር። በግማሽ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ መምህሩም አፉን መያዝ ያለበት እዚሁ ጋ ነው። ቀጥሎ 12 እና 8 ሴንቲ ሜትር ጎን ለጎን ተቀጥለው 20 ይሆናሉ። «ሁለቱንም ሳይተርፍ የሚለካ አንድ ቁራጭ ፈልጉ» ሲባሉ 4 ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ፤ ከግማሹ ሦስት፣ ከሲሶው ሁለት፣ በድምሩ አምስት ቁራጭ። ሙሉው ጥብጣብ ደግሞ ስድስት ቁራጭ ስለሚወጣው መልሱ 5/6 ነው። መምህሩ «የጋራ ታህት» የሚለውን ስም ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው አሁን ነው፣ ነገሩ በእጃቸው ካለ በኋላ።

ለምን 24? በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ጥብጣብ የሞከረ መምህር ሲሶው 6.67 ላይ ይወድቅበትና የክፍለ ጊዜው ወሬ ሁሉ ስለ ማስመሪያ ይሆናል። የእሳቸው ሥልጠና ዋጋ ያለው በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው።

ንድፈ ሐሳቡን የሚያነሱት ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ባጭሩ። ፒያዤ እንዳለው ልጅ አዲስ ነገር ሲገጥመው በመጀመሪያ በነበረው አስተሳሰብ ውስጥ ሊያስገባው ይሞክራል፤ አልገባ ሲለው አስተሳሰቡን ራሱን ያስተካክላል። 9.6 ሴንቲ ሜትሩ የሚሠራው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው። ቪጎትስኪም ልጅ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት አመላከተ፤ እገዛው ማረፍ ያለበት እዚያ መካከል ላይ ነው። ለግንበኛ እንደሚቆም መወጣጫ ያለ ጊዜያዊ ድጋፍ የሚለው አነጋገር ግን፣ ብዙ ሥልጠና ላይ የእሱ ነው ቢባልም፣ በትምህርት ጥናት የገባው እ.ኤ.አ. በ1976 ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ ነው። ቪጎትስኪ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ይህን ለይተው የሚናገሩ አሰልጣኝ ብዙም አያጋጥሙም።

ለሳይንስ መምህራን የሰጡት የኤሌክትሪክ ዑደት ትምህርትም እንዲሁ በዝርዝር የተሠራ ነው። ለሁለት ተማሪ አንድ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖልና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አንድ ሽቦ፣ ጫፍና ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር የተላጠ። ሥራው አምፖሉን ማብራት ነው። ዕቃው ከመታደሉ በፊት ግን ሁሉም እንዴት እንደሚያበራው በሥዕል ያስቀምጣል። ብዙዎቹ ከድንጋዩ ጫፍ ወደ አምፖሉ ቂጥ የሚሄድ አንድ ሽቦ ብቻ ይስላሉ፤ ኤሌክትሪክ እንደ ቧንቧ ውሃ ወርዶ አምፖሉ ውስጥ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ሲሞክሩት አይበራም። ጥቂት ከታገሉ በኋላ አንዱ ጥንድ የአምፖሉን ቂጥ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ ሽቦውን ከድንጋዩ ሌላኛው ጫፍ ወደ አምፖሉ የብረት ጎን ሲያደርሰው ይበራል። አምፖል ሁለት መነኪያ እንዳለው ያኔ ይታያል። አምፖል መያዣ መጀመሪያውኑ ከተሰጠ ግን ይህ ሁሉ ይሸፈናል፤ መያዣው ሁለቱን መነኪያዎች ራሱ ስለሚያገናኝ ተማሪው የሚያስብበት ነገር አይቀርለትም።

የሚበላሸውን ነገር አስቀድመው ይዘረዝራሉ። ድንጋዮቹ በዋዜማው መሞከር አለባቸው፤ ያለቀ ድንጋይ የደረሰው ጥንድ በትክክል አገናኝቶ «ይህ መንገድ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። በአምፖሉ ፋንታ ነጭ ኤልኢዲ መስጠት አይሆንም፤ አቅጣጫ ይመርጣል፣ ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልግም በአንድ ድንጋይ አይበራም። የድንጋዩን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ያገናኘ ተማሪ ሽቦው ይግልበታል፣ ስለዚህ «ከጋለ ወዲያው ልቀቁ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከዕቃው በፊት ይነገራል። ሁለት አምፖሎች ተከታትለው ሲገናኙ የትኛው የበለጠ ይበራል የሚለው ቀጣይ ጥያቄ ላይ ደግሞ ድንጋዩ ሁለት፣ አምፖሎቹም ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የተለያዩ ከሆኑ አንደኛው ደምቆ ይበራና «የመጀመሪያው ኤሌክትሪኩን በላው» የሚለው የተሳሳተ ግንዛቤ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማስነቀሉ ከባድ ነው።

ክፍል ሲገቡ ኋላ ተቀምጠው በአብዛኛው የሚመዘግቡት ሁለት ነገር ነው፤ መምህሩ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም እንዳለ፣ ከተማሪው መልስ በኋላ ምን እንዳለ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ከጥያቄ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና በምክንያት እንደሚደገፍ አሳይታለች። ሦስት ሰከንድ ሲነገር ትንሽ ነው፤ ክፍል ፊት ቆመው ሲጠብቁት ግን አያልቅም። «ጎበዝ!» የሚለው ቃልም ቶሎ ከወጣ ውይይቱን ይዘጋል፤ ሌላው ተማሪ መልሱ ታወቀ ብሎ እጁን ያወርዳል። በምትኩ የሚያስለምዱት «እንዴት እዚህ ደረስክ?» እና «በዚህ የማይስማማ አለ?» የሚሉትን ነው፣ መልሱ ትክክል ሲሆንም ጭምር። ስህተት ሲሆን ብቻ ከተጠየቀ ተማሪው ጥያቄውን እንደ ተግሣጽ ይቆጥረዋልና።

የቡድን ሥራ ላይ ያላቸው አቋም ጥብቅ ነው። ስድስት ሰው ያለው ቡድን ሁለት ሠራተኛና አራት ተመልካች ነው፤ ስለዚህ ሁለት ለሁለት፣ ቢበዛ አራት። ቡድን ከመግባታቸው በፊትም እያንዳንዱ ለብቻው የሚጽፍበት ሁለት ደቂቃ የግድ ነው። ፍራንክ ላይመን የተባለ የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው «ለብቻ አስብ፣ ከጓደኛህ ተወያይ፣ ለክፍሉ አካፍል» የሚለው አካሄድ የሚከሽፈው በአብዛኛው ይህ የመጀመሪያው ክፍል ሲዘለል ነው፤ ፈጣኑ ተማሪ ይናገራል፣ ሌላው ይገለብጣል። ተማሪ ለበዛበት ክፍል የሚመክሩት የፊዚክስ መምህሩን የኤሪክ ማዙርን ዘዴ ነው። ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ ቀርቦ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጣት መልሱን ያሳያል። ከ30 እስከ 70 በመቶው ትክክል ከሆነ ከጎረቤታቸው ጋር ተከራክረው ድጋሚ ይመርጣሉ፤ ከ30 በታች ከሆነ ክርክሩ ስህተትን ከማሰራጨት አያልፍምና መምህሩ ወደ ማብራሪያ ይመለሳል፤ ከ70 በላይ ከሆነ ባጭሩ አስረድቶ ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ ያስከበራቸው ግን ዘዴውን አለማምለካቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡትን ትችት ራሳቸው ያነሳሉ፤ ለርዕሱ አዲስ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ መመሪያ «ፈልገህ አግኝ» ከተባለ የማስታወስ አቅሙ በፍለጋው ይጨናነቅና ከትምህርቱ የሚይዘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቃላትን፣ ምልክቶችንና ስምምነቶችን መምህሩ በቀጥታ ይናገራል። የፊደል ቅርጽም ሆነ የመለኪያ ስም በምርምር አይገኝም። አዲስ የስሌት ሂደት ሲሆን ሁለት ሦስት የተሠራ ምሳሌ ይታያል፣ ቀጣዩ ግማሽ በግማሽ ተሠርቶ ይሰጣል፣ ከዚያ ሙሉው ለተማሪው ይተዋል። ድጋፍ አሰጣጡን ሁሉም ያውቃል፤ የሚረሳው መቼ እንደሚነሳ ነው። በትምህርት ዕቅዱ ላይ «ይህ ድጋፍ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ ይነሳል» የሚል መስመር ያስገቡልን እሳቸው ናቸው። ማብራሪያ መስጠት ወንጀል የሚመስላቸው «ተማሪ ተኮር» አቀንቃኞች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለን ነበር።

ጉድለት አናጣም። የጽሑፍ መማሪያ አያዘጋጁም፣ መምህሩ ራሱ ካልመዘገበ የሚቀር ሰነድ የለም። አካሄዳቸውም ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ጥያቄ ሲያስተካክሉ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል። በአንድ ቀን ሁሉንም መምህራን አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ማደል ለሚፈልግ ትምህርት ቤት አይሆኑም።

ለአንድ የትምህርት ክፍል፣ በተለይ ለሂሳብ ወይም ለሳይንስ፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት አብሮ የሚሠራ ሰው ለሚፈልጉ ግን በሙሉ ልብ እንጠቁማቸዋለን። ከመምጣታቸው በፊት አራት ነገር ይዘጋጅ፤ ስህተት ያለባቸው የተማሪ ሥራዎች ስማቸው ተሸፍኖ፣ በቅርብ ሊሰጥ የታሰበው ትምህርት ዕቅድ፣ መምህራን እርስ በርስ ክፍል የሚገቡበት የተስተካከለ ፕሮግራም፣ እንዲሁም የቅርብ ጊዜ ፈተና። ፈተናውን የሚጠይቁት በምክንያት ነው፤ ክፍል ውስጥ ማብራራት እየተጠየቀ ፈተናው ሽምደዳ ብቻ ከጠየቀ ተማሪዎች የትኛው እንደሚያዋጣ ወዲያው ይለያሉ። ርዕሰ መምህሩም የክፍል ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደማይውል አስቀድሞ ቢያሳውቅ ጥሩ ነው፤ ካለዚያ መምህሩ የተለማመደውን ትምህርት አሳይቶ ይሸኛቸዋል። የፈተና ሳምንት ላይ አትጥሯቸው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ ትምህርት ቤቶች በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። መምህርት፣ እግዜር ይስጥልን።