በጆሮ የሚገባ ሐይቅ፦ ደሴ ላይ የሚሸጠው የምናብ ልምምድ ቅጂ

ደሴ ላይ በፍላሽና በቴሌግራም የሚሸጥ ባለ ስድስት ክፍል የድምፅ ቅጂ ነው፤ ዋጋው 250 ብር። አድማጩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚመራውን ድምፅ እየተከተለ፣ በምናቡ አንድ ቦታ ደርሶ ይመለሳል። ክፍሎቹ በተራ ሰውነት ማፍታታት፣ ሐይቅ ዳር፣ ጦሳ (የደሴው ተራራ)፣ ፈዋሽ ብርሃን፣ ቤቱ እና እንቅልፍ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን የተከፈለውን ገንዘብ ይክሳሉ። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ግን ብዙ የሚባል አለ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የዋዛ ቋንቋ አይደለም። «ዓይንህን ጨፍን» ከተባለ ሴቷ ገና ሳትጀምር ከምናቡ ትወጣለች፤ «ጨፍኚ» ከተባለ ወንዱ። ይህ ቅጂ ከዳር እስከ ዳር በአንቱታ ሄዶ «ይጨፍኑ»፣ «ይተንፍሱ»፣ «ይተዉት» እያለ ነገሩን ገላግሎታል። ወጣቱም አዛውንቱም ሳይሸማቀቅ ይሰማዋል። ሁለተኛው መሰናክል ግሣችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው፤ እዚህ ላይ ተራኪዋ ተሰናክላለች። ጦሳ የተባለው ክፍል ውስጥ እንዲህ ትላለች፦ «በስተግራ ካለው ገደል አጠገብ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ቀስ ብለው እየረገጡ ወደ ላይ ሲወጡ ፊትዎን የሚነካውን ንፋስ ያስተውሉ።» አድማጩ ገደሉን አይቶ ደንግጧል፣ መንገዱን ይዟል፣ ወጥቷል፤ የተፈለገው ንፋሱ መሆኑን የሚያውቀው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። «መንገድ አለ። ቀጭን ነው። ይራመዱ። ንፋሱ ፊትዎን ይነካል።» ቢባል ይበቃ ነበር። የዚህ ክፍል ዋና ጉድለት ይኸው ስለሆነ ሌላ አንጨምርበትም።

ክፍል አንድ 18 ደቂቃ ነው። አካሄዱ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያደራጀው ነው፦ ጡንቻን መወጠር፣ በአንድ ጊዜ መልቀቅ፣ ልዩነቱን ልብ ማለት። ከእጅ ተነስቶ በፊት፣ በትከሻና በሆድ አልፎ እግር ላይ ያበቃል። ተራው ደህና ነው፤ የሳተው ሰዓቱ ነው። ተራኪዋ እያንዳንዱን ጡንቻ 15 ሰከንድ ታስወጥርና 10 ሰከንድ ታሳርፋለች። ተገላቢጦሽ ነው። መወጠሩ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ማሳረፉ 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሰውነት የሚማረው ሲለቀቅ ነውና። ባት ላይ ሲደረስ የእግር ጣትን ወደ ታች ዘርግቶ 15 ሰከንድ መቆየት ባትን አኮማትሮ ያስይዛል። ጣቶቹን ወደ ጉልበት አቅጣጫ ስቦ መወጠር ከዚህ ጣጣ ያድናል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ሲወጥር ትንፋሹን አይያዝ፣ ኃይሉንም ግማሽ ያድርገው።

እዚያው ክፍል ላይ «በጥልቀት ይተንፍሱ፣ አሁንም በጥልቀት» የሚል ቦታ አለ፤ አራት ጊዜ ይደጋገማል። ይህን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ራሱን ቢያዞረው፣ ጣቶቹንም ቢጠዘጥዘው አይገርምም። በጥልቀትና በፍጥነት ሲተነፈስ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ማዞሩም መጠዝጠዙም የሚመጣው ከዚያ ነው፣ «ኃይል እየገባ» አይደለም። በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገብቶ 6 ሰከንድ ማስወጣት ይሻላል። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል ማለት ነው። ሆድ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ በቂ ነው።

የቅጂው ዕንቁ ሁለተኛው ክፍል ነው። ከሌላ አገር ተተርጉመው የሚመጡት ቅጂዎች ሁሉ ባሕር ዳርቻ፣ ነጭ አሸዋና ዘንባባ ይደረድራሉ፤ የኩታበር ሰው ያላየውን ባሕር ከየት ያምጣው? እዚህ ግን የሚኬደው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚገኘው ሐይቅ ነው። ያየውም ያላየውም የሚያውቀው ዓይነት ጠዋት ነው፦ ብርድ ያለው፣ ወፍ የሚንጫጫበት፣ ውሃው ዝም ያለ። ተራኪዋ መጀመሪያ ያስቀደመችው ጆሮን ነው። ከዚያ ቆዳ ይመጣል፦ የጋቢው ሙቀት ትከሻ ላይ፣ የጠዋቱ ብርድ ጉንጭ ላይ። ቀጥሎ ሽታ፦ እርጥብ ሳርና ከሩቅ የሚመጣ የእንጨት ጭስ። ዓይን መጨረሻ ነው። ይህ አሰላለፍ አዋቂ እጅ እንደነካው ያሳያል፤ ምስል ጥርት ብሎ የማይመጣለት ሰው እንኳ ድምፅና ሙቀት ይዞ መግባት ይችላልና። በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል እስከ 12 ሰከንድ ዝም ትላለች። ሌሎቹ ክፍሎች ላይ ይህን ዝምታ ምነው ሰሰተችው ያሰኛል።

አንድ ስህተት ግን አለባት። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ አድማጩን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ቅጥር ይዛው ትገባለች። ገዳሙ ሴት አይገባበትም። ሴቷ አድማጭ ስትሰማ «እኔ እዚያ ምን ላደርግ?» ብላ ትነቃለች፤ ሙስሊሙ ጎረቤቷም እንዲሁ። ወሎ ላይ ለሁሉም የሚሆን ነገር ሲሠራ ዳር ላይ መቆየት ይሻላል፤ ውሃው የማንም አይደለም። ያቺን ሁለት ደቂቃ ተኩል ዘልሎ ማዳመጥ ይቻላል፣ የሚጎድል ነገር የለም።

«ምንም አይታየኝም» የሚሉ ሰዎች ገንዘባችን ባከነ እንዳይሉ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሐሳባቸው ምስል ጭራሽ የማይመጣላቸው ጤነኛ ሰዎች አሉ፤ የእንግሊዙ የነርቭ ሐኪም አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 «አፋንታዥያ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ልምምዱ ግን ከዓይን ውጭም ይሠራል። ቀላሉ መሞከሪያ ሎሚ ነው፦ ቢላዋው ልጣጩን ሲሰነጥቅ፣ ጭማቂው ጣት ላይ ሲፈስ፣ ግማሹ ምላስ ላይ ሲጨመቅ ማሰብ። ምራቅ ከመጣ ምስል ባይኖርም ሰውነት ሰምቷል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሲኒ ሙቀት መዳፍ ውስጥ፣ የሚቆላ ቡና ሽታ፣ የሙቀጫ ድምፅ ከየትኛውም ሐይቅ ይበልጣሉ። ቅጂው ይህን አማራጭ ጭራሽ አላነሳውም።

ሙዚቃው ላይ ጠበቅ ያለ ቅሬታ አለን። ከጀርባ የሚሰማው ክራር በትዝታ ቅኝት የተቃኘ ነው። ትዝታ በተወለደበት አገር፣ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ትዝታ ከፍቶ «አሁን ያሉበትን ቅጽበት ያስተውሉ» ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው? ክራሩ ሦስት ጊዜ ሳይመታ ሰውዬው የሞተበትን ወይም የተለየችውን ይዞ ሄዷል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ ሄለን ቦኒ ሙዚቃን ከምናብ ጋር አዋህዳ የራሷን ዘዴ ስታቆም ሙዚቃው ስሜት እንዲቀሰቅስ ብላ አስባበት ነው፤ አጠገብ የሚያግዝ ሰውም ነበረ። ለማረፍ ከሆነ ግን ዋሽንት ያለ ምት፣ በስሱ፣ ወይም የውሃ ድምፅ ብቻ ይበቃል። ስድስተኛው ክፍል ሙዚቃ የለውም፤ ለእንቅልፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«ፈዋሽ ብርሃን» የሚለው ክፍል ብርሃኑ የታመመውን ቦታ «ያነጻዋል፣ በሽታውን ያጠፋዋል» ይላል። መነሻው የታወቀ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የካንሰር ሐኪም ካርል ሳይመንተን ሕሙማኑ ነጭ የደም ሴሎቻቸው ካንሰሩን ሲያሸንፉት እንዲያስቡ ያደርግ ነበር። የምናብ ልምምድ ጭንቀትን ለማብረድ፣ ሕመምን ለመቻል፣ ከኬሞቴራፒ ጋር የሚመጣን ማቅለሽለሽ ለማቅለል ያግዛል። ዕጢ ያጠፋል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ አልተረጋገጠም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ሰምቶ ክኒኑን ቢያቆም ተጠያቂው ማን ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ ቢገባበት 8 ሰከንድ አይፈጅም። ክፍሉን የገዛ ሰው «ያጠፋዋል» የሚለውን «ያሳርፈዋል» ብሎ ይስማው፤ ለራስ ምታትና ለተወጠረ አንገት መልካም ነው።

አምስተኛው ክፍል ራስን ለማወቅ የታሰበ ነው። አድማጩ አንድ ቤት ይገባል፤ ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ ቆጡን እያየ «ይህ ቤት ስለ እርስዎ ምን ይላል?» ይባላል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስካርል ሎይነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካደራጀው ዘዴ የተወሰደ ነው፤ እሱም መስክ፣ ወንዝ፣ ተራራ፣ ቤትና የጫካ ዳር ይጠቀም ነበር። ልዩነቱ ሎይነር አጠገብ ተቀምጦ «አሁን ምን ይታይሃል?» እያለ መጠየቁ ነው። ቅጂ አይጠይቅም። ቤቱ ጨለማ ቢሆን፣ በሩ ተሰብሮ ቢገኝ፣ ተራኪዋ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «አሁን ወደ ጓዳው ይግቡ» ትላለች። በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ለተዘረፈበት ወይም ሰው ለሞተበት የደሴና የኮምቦልቻ አድማጭ ይህ ጨዋታ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ክፍሉን ለብቻው ባይከፍተው ይሻላል። ከፍቶ ከከበደው እንጨርሰው አይበል፦ ዓይኑን ይግለጥ፣ እግሩን ወለሉ ላይ ይጫን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ይያዝ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች ጮክ ብሎ ይጥራ። ማታ ማታ እየተመለሰ የሚያስቸግረው ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ከበርጫ በኋላ ወይም ከበረካ ተነስቶ መሞከር ከንቱ ነው፤ ልብ እየመታ ሐይቅ አይታይም። ምሳ ጠግቦም አይሆንም፣ እንቅልፍ ይወስዳል። ተኝቶ የሚወስደው ሰው ወንበር ላይ ጀርባውን አስደግፎ ይሞክር። ደሴ ላይ ደግሞ ሰውነት ዝም ሲል ቶሎ ይበርዳልና ጋቢ አይቅር። ስልኩን በረራ ሞድ ላይ ማድረግ ግድ ነው፤ ፋይሉ ቀድሞ ካልወረደ ግን ይህ አይቻልም። ድምፁ ከተራ ንግግር ዝቅ ይበል።

የመጨረሻው ቅሬታ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን ሁሉ ይመለከታል፦ መመለሻ የላቸውም። «አሁን ዓይንዎን ይክፈቱ» ተብሎ ክራሩ ይቋረጣል። እንዲህ ድንገት የተነሳ ሰው ራሱ ይከብደዋል፣ ቀኑን ደንዝዞ ይውላል፤ ፈጥኖ ከቆመም ይዞርበታል። ሦስት ደቂቃ ያስፈልጋል፦ ጣት ማንቀሳቀስ፣ ትከሻ ማዞር፣ የክፍሉን ድምፅ መስማት፣ ከአምስት ወደ አንድ መቁጠር፣ የተኛ በጎኑ ዞሮ መቀመጥ። አዘጋጆቹ እስኪያርሙት ድረስ አድማጩ ራሱ ይህን ያድርገው። በፍላሽ ለሚገዛ ደግሞ ሦስተኛው ፋይል 11ኛው ደቂቃ ላይ ይቆረጣል፤ ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ አስከፍቶ ማየት ነው፣ የቴሌግራሙ ሙሉ ነው።