ለላንድክሩዘራችን ቱርቦ ለገጠሙልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሌሎቻችሁም ጥቆማ

ሰላም የባሕር ዳርና የአካባቢው ሰዎች። ዓባይ ማዶ ጋራዥ ስላላቸው አንድ መካኒክ ልነግራችሁ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ተከላና ጥገና ነው። መኪናችን ረጅሙ ላንድክሩዘር ነው፣ ሞተሩ ቶዮታ በፈረንጆቹ 1990 ያወጣው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 1ኤችዜድ የሚባለው። የዚህን ሞተር ጥንካሬ አገር ያውቀዋል፤ ግን ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚጨምቀው መሣሪያ፣ የለውም። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። ቧንቧና ጄኔሬተር ጭነን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ስንጀምር ግን ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። ወደ ነፋስ መውጫ ስንዘልቅማ ከኋላ የተሰለፈው አይሱዙ ሁሉ ክላክስ ይነፋብን ነበር።

ቱርቦ ለማስገጠም ስንወስን ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብን፤ ወይ ከውጭ ሙሉ ኪት (ለመግጠም የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚመጣበት) ማስመጣት፣ ወይ እዚሁ ማሠራት። የጠየቅነው ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ መከረን። አንዱማ መኪናውን ሳያይ በስልክ ዋጋ ቆረጠልን። ጋሼ ግን ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ሞተሩን ጠየቁ። ያውም ጥያቄውን ለሾፌራችን ሳይሆን ለእኔ ነበር ያቀረቡት። ጋራዥ የገባች ሴት ሁሉ የማወራውን ታውቀዋለች፤ እኔ ቆሜ መልሱ ለሾፌሩ ሲሰጥ ስንት ዘመኔ! «ልጄ፣ ቱርቦው ይቆየን፤ መጀመሪያ ይህ ሞተር መሸከም መቻሉን ልወቅ» አሉኝ።

የ6ቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አንድ በአንድ ለኩ፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ጻፉ። ራዲያተሩን አስፈተሹ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ስንጥቅ እንደሌለው አረጋገጡ፣ የታይሚንግ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ ጠየቁ። ከዚያ ገና ምንም ቱርቦ ሳይገባ የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ አስገጠሙና ዳገቱን ጭነን እንድንወጣ አደረጉ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ጥንቃቄያቸው ገባኝ። የ1ኤችዜድ የመጭመቂያ መጠን 22 ለ1 ገደማ ነው። ከፋብሪካው ከነቱርቦው የወጣው ወንድሙ 1ኤችዲቲ መጠኑ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ፒስተኖቹም ለቱርቦ ሙቀት ታስበው የተሠሩ ናቸው። የእኛ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ አየርና ናፍጣ በጨመርክለት ቁጥር ሙቀቱ ፒስተኑ ላይ ይከማቻል፤ ቱርቦ የገባለት 1ኤችዜድ የሚሞተው በብዛት በዚህ ነው።

ኪት ወይስ እዚሁ ማሠራት የሚለውን የመለሱልኝ ላሜራ ላይ በጠመኔ ጽፈው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። 3,000 ሜትር ላይ 70 በመቶ ይደርሳል። የሚገባው አየር ሲሳሳ ናፍጣው ግን ያው ነው፣ ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ይመጣል። ቱርቦው 0.5 ባር ግፊት እንዲጨምር ቢታዘዝ ባሕር ጠለል ላይ አየሩን 1.5 እጥፍ መጭመቅ ይበቃዋል። እዚህ ግን 1.6 እጥፍ፣ ደብረ ታቦር አልፎ ደግሞ ከ1.7 በላይ መጭመቅ አለበት። ይኸው ቁጥር ለማግኘት የበለጠ ይሽከረከራል፣ የበለጠ ይሞቃል ማለት ነው። ኪቱን የሠራው ሰው በባሕር ጠለል አገር ለሚነዳ መኪና አስቦ ከመረጠው፣ ትንሿ ቱርቦ እኛ ተራራ ላይ ከአቅሟ በላይ ትሠራለች።

ሌላም አለ። ለዚህ ሞተር የሚሆኑ ኪቶች በብዛት የሚሠሩት አውስትራሊያ ነው። እዚያ መሪው በቀኝ ነው፣ የእኛ በግራ። ከቱርቦው ወደ ታች የሚወርደው የጭስ ቱቦ ከመሪው ዘንግ ወይም ከፍሪሲዮኑ መስመር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ተቆርጦ እንደገና የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ኪት የተገዛበት ምክንያት ግማሹ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ብለው ግን ኪትን አላጣጣሉም፤ ይበልጥ ያመንኳቸው በዚህ ነው። «ኪት ማለት ሌላው ሰው ተሳስቶ፣ አርሞ የጨረሰው ሥራ ነው» አሉ። ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚወስደው) ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ የዘይት መስመሩ በልክ የመጣ ነው፣ ጋስኬቱ ቢበላሽ ተመሳሳዩ ይገኛል። መኪናው ሩቅ አገር የሚሠራ ከሆነና ነገ ሌላ መካኒክ የሚነካው ከሆነ ኪት ይሻላል ብለው ነው የሚመክሩት። እኛ እዚሁ ማሠራቱን የመረጥነው በውጭ ምንዛሪውና በመጓጓዣው ምክንያት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳቸው እዚሁ ስላሉ ነው።

አሁን ስለ እጃቸው ልናገር። ማኒፎልዱን የሠሩት ከወፍራም የብረት ቱቦና ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) ነው። ቧንቧ የእኔ ሥራ ስለሆነ ከመጋዘናችን ኤልቦ ላክሁላቸው። ዚንክ የተቀባውን መርጠው መለሱና «ጥቁሩን አምጪ» አሉ። ዚንክ ሲበየድ ጭሱ በያጁን ይመርዛል፣ ብየዳውም አይጠነክርም። ስንት ቦታ ሳይፋቅ ሲበየድ አይቻለሁ!

ከሲሊንደሮቹ ጋር የሚገጥመውን ወፍራም ፍላንጅ ከበየዱት በኋላ በሲሊንደሮቹ መካከል ቆረጡት። ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል፤ አንድ ወጥ ሆኖ ከተያዘ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ቡሎን ይበጥሳል። ብየዳው ያጣመመውን ፊት ቶርኖ ቤት ወስደው አስላጩት። ሲመለስ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመውበት ከኋላ ባትሪ አበሩ፣ ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ስላገኙ መልሰው ላኩት። በሁለተኛው ነው የተቀበሉት። የቶርኖ ቤቱንም ልጆች ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ሳያጉረመርሙ ደግመው ሠሩልን።

ቱርቦውን ራሱን ማንም ጋራዥ አይሠራውም፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው። ከሶማሌ ተራ የመጣ አሮጌ አሳዩን። ጋሼ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁት፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት። ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ ያለ ነው፣ ዘይቱ ይሞላዋል። ፊትና ኋላ ግን ተንቀሳቀሰ። «ይህ ያለቀለት ነው» ብለው መለሱት፤ አዲስ ገዛን።

ከሁሉም ልቤን የነካው የዘይቱ መመለሻ ነው። ቱርቦውን አልፎ የሚመጣው ዘይት በራሱ ክብደት ብቻ ስለሚወርድ ቱቦው ሰፊ መሆን፣ ሳይጎብጥ ቁልቁል መውረድ፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ካለው ዘይት በላይ መግባት አለበት። ኮፓውን ሳያወርዱ እዚያው በድሪል የሚበሱ አሉ፤ ብናኙ ዘይት ውስጥ ይቀራል። ጋሼ ኮፓውን አወረዱ፣ በሱ፣ በየዱ፣ በናፍጣ አጠቡ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ጥግ ጥጉን ሄዱበት። ጨርቁ ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ነገር ታየች፣ እንደገና ታጠበ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አልገጠሙትም። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ እኔም እዚያ ባልቆም አላውቀውም ነበር።

ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ይግባ አልኩ። የተጨመቀው አየር ከ80 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ ራሳቸው ነግረውኛልና። ለ0.5 ባር ግዴታ አይደለም፣ ራዲያተሩ ፊት ብናስቀምጠው ደግሞ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ይጋርዳል ብለው ተዉት። ተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ ነበር፤ አልፈለጉትም። ናፍጣውን የጨመሩት መጨረሻ ላይ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ መለኪያውን እያዩ ነው።

ሙከራው ደብረ ታቦር ዳገት ላይ፣ ሙሉ ጭነት ጭነን ነበር። ጋሼ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ዓይናቸው ከመለኪያው አልተነቀለም። የወሰኑት ጣሪያ 650 ዲግሪ ነው፤ አላለፈም። ስንመለስ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው የማኒፎልዱን ቡሎኖች እንደገና አጠበቁ። ዛሬ ያንኑ ዳገት በአብዛኛው በአራተኛ ማርሽ እንወጣለን፣ ጥቁሩ ጭስም የለም። ናፍጣ ቀነሰልን ብዬ ግን አላጋንንም፣ ያው ነው። ሾፌራችንንም አስተምረውታል፤ ዳገት ወጥቶ ሲቆም ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፣ ጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋል። ዘይት በየ5,000 ኪሎሜትር እንቀይራለን።

የተረፈውን ቱቦና ላሜራ ሳይቀር ከነደረሰኙ አስረክበውኛል።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር፦ ጋሼ ዘንድ ጥድፊያ የለም። መኪናችን ቆማ ሥራ አስፈትታናለች፣ ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ቤንዚን መኪና ያላቸው ወጣቶች ቪትዝና ኮሮላ ላይ ቱርቦ ይግባልን ብለው ሲመጡ ደግሞ አይቀበሉም። የቤንዚን ሞተር የቤንዚኑና የእሳቱ ልክ በኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ ያንኳኳና ፒስተን ይሰብራል፤ ያንን የማስተካከል መሣሪያ የለኝም ብለው በግልጽ ይመልሷቸዋል። ሙሉ ኪት በእጁ ይዞ ለሚመጣ ግን በደስታ ይገጥማሉ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሁለቱ ረዳቶችዎም እንደ እርስዎ ያርጋቸው።

ልትሄዱ ያሰባችሁ መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ባደረበት ሁኔታ ውሰዱላቸው፤ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ መስማት ይፈልጋሉ። ዘይቱና የታይሚንግ ቀበቶው የተቀየረበትን ኪሎሜትርም ጽፋችሁ ያዙ። እሑድና በዓል ዝግ ናቸው።