የጥይት ቀልሃ መልሶ መሙላት ከ14 ወር በኋላ፦ ያተረፈልኝና ያላተረፈልኝ

የተተኮሰ ቀልሃ መልሶ የሚሞላውን ማሽን ከአንድ ጡረታ ከወጣ ተኳሽ በ150 ዶላር ነው የገዛሁት። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሾትገን የሸክላ ዒላማ እተኩሳለሁ፤ ሁለት ዙር፣ 50 ጥይት። ባለቤቴ ደረሰኝ ደምራ «ይሄ ነገር የመኪናውን ኢንሹራንስ አለፈ እኮ» ስትለኝ ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛ ተከልኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም። አሮጌው ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ ባሩድ፣ ባሩዱን ከእርሳሱ የሚለየው ፕላስቲክ (ዋድ)፣ የእርሳስ ፍሬዎቹ በየተራ ይወርዳሉ፤ መጨረሻ ላይ የቀልሃው አፍ እንደ ኮከብ ይታጠፋል። እኔ በሰዓት 100 ያህል እሞላለሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 25 ፓውንድ እርሳስ በ52 ዶላር ገዛሁ፤ በአንድ አውንስ ሲሰፈር 400 ጥይት ይወጣዋል፣ ለአንድ ጥይት 13 ሳንቲም ማለት ነው። ፕራይመር 8፣ ባሩድ 6፣ ዋድ 2.5 ሳንቲም። ቀልሃውን ከሜዳ ስለምለቅም ነፃ ነው። 25 ጥይት የሚይዘው ፓኬት 7 ዶላር ከ40 ገደማ መጣ። የፋብሪካውን 250 የሚይዘውን ካርቶን በ95 ዶላር ስገዛ ደግሞ ፓኬቱ 9 ዶላር ከ50 ነው። ትርፉ ሁለት ዶላር! በሰዓት አራት ፓኬት፣ ስምንት ዶላር። ከሚኒመም ዌጅ በታች ለራሴ ተቀጥሬ ነበር ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ለ12 ጌጅ ነው (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስፋቱ ይጠባል)።

28 ጌጅ ሌላ ታሪክ ነው። የሚተኩሰው ሰው ጥቂት ስለሆነ ፋብሪካው በውድ ይሸጣል፤ እኔ ፓኬቱን ከ15 ዶላር በታች አግኝቼ አላውቅም። እርሳሱ ግን ያነሰ ነው፣ ሦስት አራተኛ አውንስ። ሞልቼ 6 ዶላር ከ50 ገደማ ይወጣልኛል። ለእሱ ብዬ የገዛሁት ሁለተኛው ማሽን 250 ዶላር ቢፈጅም በ30 ፓኬት ገደማ ዋጋውን መልሷል። መሬት ላይ የሚለቀም የ28 ቀልሃ የለም ማለት ይቻላል፤ የራሳችሁን አትጣሉ።

ባሩድና ፕራይመር በፖስታ ሲመጡ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያ አለባቸው። ለአንድ ቆርቆሮ ባሩድ ብቻ ያንን መክፈል ሞኝነት ነው። እኛ ሦስት ሆነን እንደ እቁብ አዋጥተን በዓመት ሁለቴ እናዝዛለን። ኮሎራዶ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በጥይት ሽያጭ ላይ 6.5 በመቶ ታክስ ስለጣለች የ12ቱን ካርቶን ቅናሽ ሲወጣ ጠብቄ አራት አምስት አድርጌ ነው የምገዛው።

ስህተቴንም ልንገራችሁ። አንድ ማታ ከልጄ ጋር እያወራሁ ስሞላ አንዱ ቀልሃ ባሩድ ሳይገባበት አለፈ። ቅዳሜ ዕለት ስተኩስ «ጧ» በማለት ፈንታ «ፉስ» አለ። ደግነቱ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «ቁም!» አሉኝ። ጠመንጃውን አራግፈን ብናይ ዋዱ አፈሙዙ ውስጥ ተወሽቋል። በላዩ ሁለተኛ ብተኩስ ኖሮ ብረቱ ይፈነዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሞላ ስልክም ወሬም የለም፤ አፉ ከመታጠፉ በፊት እያንዳንዱን በባትሪ አያለሁ፤ የባሩዱን ልክ በየ20ው በሚዛን አረጋግጣለሁ፤ ከመሙያ መመሪያው መጽሐፍ ቀመር ዋድ እንኳ አልቀይርም። ቡናም ጋራዥ አይገባም፣ እርሳስ መርዝ ነው፤ ሳልታጠብ ልጅ አላቅፍም።

የ12ቱን ማሽን ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ፣ በገዛሁበት 150 ዶላር። ሚዛኑ ግን አይሸጥም።