አገር የዞረው መወጣጫ፦ ለቱሉ ዲምቱው ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፣ የፍጥነት መንገዱ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የብየዳና የጋራዥ ሥራ ለሚሠሩ አንድ አባት ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አደራ ብለውኛል። አደራቸውን እጠብቃለሁ፤ ሥራቸውን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። እዚህም ፊት ለፊት እንደምጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

በልጅነቴ በያዘኝ ፖሊዮ ምክንያት ሁለቱም እግሮቼ አይታዘዙልኝም፤ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ባለፈው ሕዳር ከሦስት ሰዎች ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተን በባቱ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርገን ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ደረስን። ከዚያ ወደ ሶዶ ተመልሰን በዳውሮ በኩል ወደ ጅማ ተሻገርን፤ የጊቤን በረሃ አቋርጠን፣ በወልቂጤ አልፈን ሰበታ ገባን። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብረውኝ የተጓዙት ሚኒባሱን የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ፣ መስማት የተሳናት አስተማሪ ጓደኛዬና ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን ናቸው። በየከተማው መናኸሪያና ገበያ እየቆምን ስለ አካል ጉዳተኝነት ከሕዝቡ ጋር ልንነጋገር ነው የወጣነው።

ሐሳቡን ያነሣሣው ስለ ካናዳዊው ሪክ ሃንሰን ያነበብኩት ታሪክ ነው። ሪክ ሃንሰን በ15 ዓመቱ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ካደገ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ዊልቸሩን በገዛ እጁ እየገፋ በ34 አገሮች ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ለወንድሜ ሳነብለት «እኛስ አገራችንን ብንዞር?» አለኝ። መኪናው የእርሱ ነበር፤ ሰዎች ሀይሩፍ የሚሉት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ። ችግሩ እኔ እንዴት እንደምገባበት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ውስጥ የገባሁትም የወረድኩትም በሰው ክንድ ታቅፌ ነው። ስለ መብት ለመናገር በየገበያው መሐል እንደ ሕፃን ታቅፌ መውረድ ግን አልፈለግኩም።

ወደ ጋሼ ከመሄዳችን በፊት ሌላ ጋራዥ ሞክረን ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። እዚያ ያገኘነው ሠራተኛ ያነጋገረው ወንድሜን ብቻ ነው፤ የእኔን ክብደት ሲጠይቅ እንኳ እርሱን ጠየቀው። የሠራልን መወጣጫ ስስ ላሜራ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን መሐሉ ጎበጠ፤ ወንድሜ ባይዘኝ ወደ ጎን ተገልብጬ ነበር። ገንዘባችንም ሄደ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ፊቱ ተቀምጬ እያለሁ እንደሌለሁ መቆጠሬ ነው።

ስለዚህ ጋሼ ዘንድ የደረስኩት ተስፋ ቆርጬ ነበር ማለት ይቻላል። ወንድሜ እንደልማዱ ማስረዳት ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት። «ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እርሷ ናት፤ እርሷ ትንገረኝ» አሉት። ከዚያ ዱካ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ቆመው ቁልቁል ሳያዩኝ፣ ዓይናቸው ከዓይኔ እኩል ሆኖ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ሳትደገፊ ስንት ሰዓት መቀመጥ ትችያለሽ? መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወዴት ያጋድልሻል? ክንድሽ ምን ያህል ይገፋል?» እነዚህን ጥያቄዎች ከሐኪም ሰምቻቸዋለሁ፤ ከጋራዥ ግን ሰምቼ አላውቅም።

መለኪያቸውን አውጥተው የዊልቸሩን ስፋት፣ የጎማዎቹን ርቀት፣ ከመሬት እስከ ሚኒባሱ ወለል ያለውን ከፍታ ለኩ። ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለሕንፃ የሚሠራ መወጣጫ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር መንደርደሪያ እንዲኖረው ይመከራል፤ በዚህ ስሌት ለእኛ ከ7 ሜትር በላይ ብረት ያስፈልግ ነበር። የሚጫን አይደለም። ጋሼ ይህን በካርቶን ላይ አስልተው አሳዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ብቻሽን የምትወጪበት ልሠራልሽ አልችልም፤ አልዋሽሽም። አንድ ሰው ከኋላሽ ሆኖ ሳይታገል የሚገፋሽን ግን እሠራለሁ።» በመጨረሻ የተስማማነው ለሁለት በሚታጠፍ፣ 2 ሜትር ከ40 ርዝመት ባለው መወጣጫ ነው። የማይችሉትን በግልጽ ስለነገሩኝ የሚችሉትን አመንኳቸው።

ክፈፉን በቱቦላሬ፣ መርገጫውን ጎማ በማያንሸራትት ሸካራ ላሜራ ሠሩት። በሁለቱም ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከንፈር በየዱበት፤ የፊት ጎማዬ ቢስት እንኳ ከንፈሩ ይመልሰዋል። ዓይነ ስውሩ ወዳጃችን ሊሞክረው መጥቶ በነጭ በትሩ ጠርዙን እየነካ ሲወጣ «ይህ ከንፈር ለእኔም መንገድ ነው» አላቸው። ጋሼ እንዲህ እንደሚጠቅም አላሰቡም ነበር፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

መኪናው ውስጥ ያለው ሥራ ደግሞ ከመወጣጫው ይበልጣል። በዊልቸር ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው ያለው ሁሉ ይህን ልብ ብሎ ያንብብልኝ። ዊልቸሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት መዞር አለበት። በአራት ቀበቶ ይታሰራል፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ቀበቶው የሚያዘው በጎማው ላይ ሳይሆን በወንበሩ ዋና ብረት ላይ ነው። የሰውየው የራሱ ቀበቶ ደግሞ ከወንበሩ ጋር ሳይሆን ከመኪናው አካል ጋር መታሰር አለበት። ጋሼ ወለሉን በስተው ማሰሪያዎቹን በብሎን አሰሩ፤ ከሥር ደግሞ ወፍራም ብረት ደግፈው በዳዶ አጠበቁት። ሥራው አለቀ ሲባል እኔን አላስቀመጡኝም። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም አንድ ኩንታል፣ ዊልቸሬ ላይ ጭነው ወንድሜ ገላጣ መንገድ ላይ እየነዳ ደጋግሞ ፍሬን እንዲይዝ አደረጉት። ወንበሩ አልተነቃነቀም። እኔ የተሳፈርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መስማት የተሳናትን ጓደኛዬንም አልረሷትም። በካርቶን ላይ በጠመኔ «ማታ መኪና ውስጥ እንዴት ትነጋገራላችሁ?» ብለው ጻፉላት። እርሷም «ሲጨልም ንግግር ያበቃል» ብላ መለሰችላቸው። የምልክት ቋንቋ ብርሃን ይፈልጋል፤ እኔ ለዓመታት ጓደኛዋ ሆኜ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በማግሥቱ ከመቀመጫዋ በላይ የነጂውን ዓይን የማይወጋ ትንሽ መብራት ተገጥሞ አገኘን። ለእርሱ ገንዘብ አልጠየቁም።

ስለ ጉዞው ሁሉንም መጻፍ አልችልም። መወጣጫው የሠራውን ሥራ ግን መናገር አለብኝ። በመጀመሪያው ቀን ባቱ ላይ የተዘጋጀ ንግግር ነበረን፤ ድምፅ ማጉያ ይዘን ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርን። የሰማን ጥቂት ሰው ነው። ንግግሩ አልቆ ወንድሜ መወጣጫውን ሲዘረጋና እኔ ውኃ ለመግዛት ስወርድ ግን ጋሪ ነጂው፣ ሊስትሮው፣ ሻይ ሻጯ ሁሉ ከበቡን። ማን ሠራው? ስንት ኪሎ ይችላል? ብቻዋን ትኖራለች? ትሠራለች? አንድ ሽማግሌ ደግሞ ይህ ነገር የእርግማን ውጤት ነው ሲባል እንዳደጉ በትሕትና ነግረውኝ፣ እውነት መሆኑን ጠየቁኝ። ፖሊዮ የሚባል በሽታ እንደሆነና በክትባት እንደሚከለከል በዝግታ ተጨዋወትን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅደም ተከተሉን ለወጥነው፤ መጀመሪያ መወጣጫው ይዘረጋል፣ ወሬው ከዚያ ይመጣል። ወዳጃችንም የአገራችንን የሕንፃ አዋጅ የሚያነሣው ያን ጊዜ ነበር። አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው ያዛል። ሰው ብረቱን ዓይቶ ሕጉን ሲሰማ «ታዲያ የእኛ ጽሕፈት ቤት ለምን ደረጃ ብቻ ሆነ?» ብሎ ራሱ ይጠይቅ ነበር።

ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ደግሞ ገበያ ቀን ደረስን። አንዲት እናት አሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ አዝላ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ነበር። ሕዝቡ እስኪበተን ጠበቀች። ከዚያ ስለ መብትም ስለ አዋጅም አልጠየቀችንም፤ «ብረቱ ስንት ተገዛ?» አለች። ልጇን ትምህርት ቤት በጀርባዋ ታደርሰዋለች። «እርሱ ያድጋል፣ እኔ አረጃለሁ» አለችኝ። አንድ ድርጅት የሰጠው ዊልቸር አለው፤ ግን ከቤቱ ደጃፍ አይወጣም፤ የመማሪያ ክፍሉንም በር አያልፍም፤ ሁለቱም ጋ እርከን አለ። የእርከኑን ቁመት በቅልጥሟ ላይ በእጇ አሳየችን፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

ጋሼ ስንነሣ አንድ ጥቅል ወረቀት ሰጥተውን ነበር። የመወጣጫ ንድፍና ልክ ነው፤ አማርኛ ለማያነብም በሥዕል የተሠራ። «በየምትደርሱበት ብየዳ ቤት አይጠፋም፤ ልኩን ስጧቸው» ብለውን ነበር። ለ15 ሴንቲ ሜትር እርከን 1 ሜትር ከ80 ርዝመት፣ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት። ብረት ካልተገኘ በእንጨት ወይም በሲሚንቶ። እናትየዋ ወረቀቱን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ልጁን ዊልቸሬ ላይ አስቀምጠነው በመወጣጫው ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ወረደ። ከወር በኋላ ደውላ በክፍሉ እርከን ላይ መወጣጫ በሲሚንቶ መሠራቱን ነገረችኝ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ስፋቱን 90 አደረጉት?» አሉኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሶዶ ላይ ገጠመን። የዊልቸሬ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ተሰብሮ ወንበሩ አልዞር አለ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ወንድሜ ጋሼ ጋ ደወለ። እርሳቸውም በአቅራቢያችን ያለ ጎሚስታ ፈልገን በስልክ እንድናገናኛቸው ነገሩን። የኩሽኔታውን ልክ እኔ ሳላውቅ ከመቀመጫዬ ሥር በማርከር ጽፈውት ኖሯል፤ የውስጡ ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭው 22። ጎሚስታው ያንን ይዞ ከተበላሸ የብረት መቁረጫ ማሽን ውስጥ ልኩን አገኘ። ጋሼ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስልኩን ሳይዘጉ ሥራውን መሩት። በማግሥቱ ጠዋት አርባ ምንጭ ደረስን።

ጉዞአችንን ሰበታ ላይ የጨረስነው ሕዳር 24 ቀን፣ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን በሚከበርበት ዕለት ነው። ወዳጃችን በልጅነቱ በሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስለተማረ ከተማዋን እርሱ ነበር የመረጣት።

ጥቆማዬን ሳጠናቅቅ ድካሞቻቸውንም ልናገር። ጋሼ በአምስት ቀን አደርሳለሁ ያሉትን በዘጠኝ ቀን ነው ያደረሱት፤ መነሻ ቀናችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ። መወጣጫው ከባድ ነው፤ ለማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ወደ ግቢያቸው የሚያስገባው መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሆነ በዊልቸር ብቻውን የሚመጣ ሰው ይቸገራል፤ ከደወላችሁ ግን ረዳታቸውን አስፋልቱ ድረስ ይልካሉ። ዋጋን በተመለከተ የብረቱን ደረሰኝ አሳይተው፣ የእጃቸውን ለይተው ነው የሚያስከፍሉት። ከተዋዋልነው በላይ አንድ ብር አልጨመሩም። ዊልቸር፣ ክራንች፣ የቤት በር መወጣጫና የመጸዳጃ ቤት መደገፊያ ብረት ይሠራሉ፤ ይጠግናሉም። ስትሄዱ የሚጠቀምበትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እርሱ መለካት አይጀምሩም። እሑድ ዝግ ነው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እልካለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፤ የግራው ኩሽኔታ ደግሞ መንጫጫት ጀምሯል።