በካርቶን የሚመጣውን «ሙሉ የውሃ አትክልት» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ልንገራችሁ። ትንሽ ገንዳ፣ ሁለት ሦስት የውሃ ተክል፣ ሚጢጢ ፏፏቴ፣ አንድ ከረጢት አፈርና «ሰማያዊ ሎተስ» የሚል የፍሬ ፓኬት ባንድ ካርቶን ታሽጎ በኦንላይን ይሸጣል። ፎቶው ያማልላል። እኔም ገዝቼ አይቼዋለሁ። ተክሎቹ ብዙም ሳይቆዩ መጠውለግ ጀመሩ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ምግብ አንሷቸው ነው፣ ይህን ፈሳሽ ማዳበሪያ ይጨምሩበት» ይላል፣ ከነመግዣ ሊንኩ። ጨመርኩበት። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ደግሜ ስጽፍ ደግሞ የአልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር) ማጥፊያ ጠርሙስ ሊሸጥልኝ መጣ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ተክሉ የሚታመመው ካርቶኑ ውስጥ በታሸገው ዕቃ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱን የሚሸጠው ደግሞ ያው ሻጭ ነው። ያናደደኝ ይሄ ነው።

ከፍሬው ልጀምር። እውነተኛው ሎተስ አበባው ነጭ፣ ሮዝ ወይም ቢጫ ነው። ሰማያዊ የሚያብብ የለም። በጥንታዊ ግብጻውያን ሥዕሎች ላይ የሚታየው ሰማያዊው አበባ የዋተር ሊሊ (ቅጠሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የውሃ አበባ) ወገን ነው፤ ፍሬውም በጣም ደቃቅ ነው። ስለዚህ የጣት ጥፍር የሚያህል፣ ጠንካራና ጥቁር ፍሬ ከላኩላችሁ የተራው ሎተስ ፍሬ ነው። ልጣጩን ሞርዳችሁ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ሊበቅልም ይችላል። ግን ሰማያዊ አያብብም። አብዛኛው ሎተስ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ከፍሬ ሲነሳም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት አያብብም። በዚያች ትንሽ ገንዳ ውስጥ ቢተከል የትም አይደርስም። ሻጩ ይህን ያውቃል። ደንበኛው ግን አበባውን ሲጠብቅ የመመለሻ ጊዜው ያልፍበታል።

ተክሎቹን በተመለከተ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ የውሃ ተክል አይደሉም። «ላኪ ባምቡ» የሚባለው ለምሳሌ የየብስ ተክል ነው። ሥሩን ብቻ ውሃ ውስጥ ብታደርጉት ይኖራል፤ ቅጠሉ ከተጠለቀ ግን ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ስለዚህ ሻጩን የእያንዳንዱን ተክል ሳይንሳዊ ስም በጽሑፍ ጠይቁት። «የውሃ ቅጠል» ብሎ ካለፈ ተዉት።

እምቦጭም በሚያምር ስም፣ «ውሃ የሚያጠራ አበባ» ተብሎ ይሸጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ካገዳቸው ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ነው። እቤታችሁ ካለ በፍጹም ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ቦይ ውስጥ አትጣሉት። ከውሃ አውጥታችሁ በደንብ ካደረቃችሁት በኋላ አስወግዱት።

አሁን ወደ አፈሩ። በከረጢት የሚመጣው ቀላልና ጥቁር፣ ለቤት ውስጥ አበባ የሚሆን አፈር ነው። ውሃ ሲነካው ግማሹ ይንሳፈፋል፣ ግማሹ ይበሰብሳል፣ ውስጡ ያለው ማዳበሪያም ውሃው ውስጥ ይሟሟል። አልጌው የሚመጣው በዚህ ነው። ዋተር ሊሊ የሚወደው ከባድ፣ ጭቃነት ያለው የጓሮ አፈር ነው። ከላይ ትንሽ ጠጠር ስትደርቡበት ረግቶ ይቀመጣል። ፏፏቴውንም አውጡት፤ ዋተር ሊሊ ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲረጭበት አይወድም፣ የረጋ ውሃ ነው የሚስማማው። ገንዳውም ያው ትንሽ ነው። ድንክ የሚባሉት ዝርያዎች እንኳ ከ40 እስከ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መያዣ ይመቻቸዋል። ጥቂት ውሃ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይግላል፣ ማታ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ታዲያ ተክላችሁ ከታመመ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ውሃው ውስጥ አስገቡና ተክሉን አውጥታችሁ እዩት። እውነቱ ያለው ከሥሩ ነው። አፈር ውስጥ የሚተኛውን ወፍራም ክፍል በጣታችሁ ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ተክሉ ደህና ነው። ከላላና ከሸተተ ግን በስብሷል፤ በንጹሕ ቢላ ጤነኛው ክፍል እስኪደርስ ቆርጣችሁ እንደገና ትከሉት። ስትተክሉ ቅጠል የሚወጣበት ጫፍ ከአፈሩ በላይ መሆን አለበት። በካርቶን ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህ ጫፋቸው ተቀብሮ ነው የሚደርሱት፤ መበስበሱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የቢጫ ቅጠል ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ሻጮቹም የሚጫወቱበት እዚህ ላይ ነው። የዋተር ሊሊ አንድ ቅጠል ዕድሜው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። አሮጌው ቢጫ ሆኖ ሲሞት አዲስ ጤነኛ ቅጠል እየወጣ ከሆነ ምንም ችግር የለም፤ አሮጌውን ቆርጣችሁ ጣሉት። አዲሶቹ ቅጠሎች ትንንሽና የገረጡ ሆነው ከወጡ ግን ያኔ ተርቧል ማለት ነው። መፍትሔውም ፈሳሽ አይደለም። ለውሃ ተክል ተብሎ የተሠራውን እንክብል ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ፣ ሥሩ አጠገብ ቅበሩለት። ውሃው ላይ የምታፈሱትን ማዳበሪያ ከተክሉ በፊት አልጌው ይሻማዋል። ቅጠሉ ደህና ሆኖ አበባ ካጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ ብርሃኑን ተመልከቱ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህን የሚተካ ጠርሙስ የለም።

የአልጌ ማጥፊያውን በተለይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው። መዳብ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ በትንሽ ውሃ ውስጥ መጠኑ ከበዛ ተክሉንም ይጎዳል። አረንጓዴ ውሃ ግን በአብዛኛው በራሱ ይጠራል። ማዳበሪያውን አቁሙ፣ የሞቱ ቅጠሎችን ልቀሙ፣ ከውሃው ገጽ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በቅጠል እስኪሸፈን ታገሡ። በየቀኑ ውሃ መቀየር ትርፉ ድካም ነው፤ የቀነሰውን ብቻ ሙሉበት። ዓሣ ካስገባችሁ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን የሚያጠፋ ፈሳሽ መግዛት ይገባል፤ ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ውሃውን ክፍት አድርጎ በማሳደር ብቻ አይጠፋም። ከጠርሙሶቹ ሁሉ ገንዘብ ይገባዋል የምለው እሱን ብቻ ነው።

ካርቶኑን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ፤ ሥሩን፣ አፈሩን፣ ፍሬውን፣ የፓኬቱን ጽሑፍ። ማስታወቂያው ሊነሳ ስለሚችል እሱንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ተክሉ ከታመመ ሻጩ የሚሰጣችሁን ምንም ነገር ሳትጨምሩ ገንዘባችሁን መልሱልኝ በሉ። አንዴ ከጨመራችሁ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» የሚል ሰበብ ያገኛል። በስልክ አታውሩ፣ በጽሑፍ ይሁን። በካርድ ከከፈላችሁ ደግሞ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ለባንካችሁ አመልክቱ። «ትንሽ ይጠብቁ፣ ያገግማል» የሚሏችሁ ያ ጊዜ እንዲያልፍባችሁ ነው።