ክንፍ ያላት ወይስ ክንፍ የሌላት?

መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥሞ «ዝንብ» የምትባል፣ ነፍሳት የምትመስል የዓሣ ማጥመጃ መሥራት ጅማ ውስጥ ብዙም አልተለመደም። ጎረቤቶቼ የሚያውቁኝ ዶሮ ሲታረድ ላባ የምለቅም ሰው አድርገው ነው። ውሃ ውስጥ ከሚሰምጡት ጥንታዊ ዝንቦች ሁለቱን ላወዳድር።

ክንፍ ያላት ቆንጆ ናት፤ ግን ታስለቅሳለች። ክንፏ የሚቆረጠው ከሁለት ላባ ነው፤ አንዱ ከወፉ ግራ ክንፍ፣ ሌላው ከቀኝ። ካልተጣጣሙ ዝንቧ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረች የማጥመጃውን ክር ታጠማዝዛለች። ሁለቱን ቁራጮች በጣት ቆንጥጠህ ትይዛለህ፤ ክሩን ላላ አድርገህ በላያቸው ታዞራለህ፤ ከዚያ ቀጥ አድርገህ ወደ ታች ትስባለህ። ጣትህ ትንሽ ከላላ አለቀ፣ ክንፉ ይበታተናል። እኔ ከአምስት አራቱን አበላሻለሁ። በዚያ ላይ የሚመረጠው የዳክዬ ላባ ነው። እሱን ጅማ ላይ ከየት ታመጣለህ?

ክንፍ የሌላት ቀላል ናት። የሰሜን እንግሊዝ አጥማጆች «ሸረሪት» ይሏታል። ለአካሏ የሐር ክር፣ ለአንገቷ አንድ ለስላሳ ላባ፣ በቃ። ላባው ከሁለት ዙር ካለፈ ውሃ ውስጥ መወዛወዙ ይቀንሳል። እነሱ የቆቅ ላባ ይወዳሉ፤ እኔ የሴት ዶሮ አንገት ላባ እጠቀማለሁ። የአውራ ዶሮው ጠንካራ ስለሆነ ለተንሳፋፊ ዝንብ ይሻላል። ክሩን በንብ ሰም አሸዋለሁ፤ ሰም ደግሞ እዚህ አይቸግርም።

ወደ ግልገል ጊቤ ስወርድ ይዤ የምሄደው ሸረሪቷን ነው። ድንጋይ ላይ ብትቀር እንኳ አታንገበግብም። ክንፍ ያላቸውን ባሌ ውስጥ ላለው ትራውት ለሚባል ዓሣ አስቀምጫቸዋለሁ። ገና አልሄድኩም እንጂ።