«ይጣል» የተባለውን ላፕቶፔን ላነሳችልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ነው። ቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጦ «ማን ጋ ልውሰደው?» የምትሉ ካላችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ የሷም ሥራ አጭር አልነበረም።

ላፕቶፑ አይቢኤም ቲንክፓድ ቲ42 ነው። የ2004 ሞዴል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ሌኖቮ የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል የገዛው በ2005 ስለሆነ፣ የኔው ክዳን ላይ ያለው ስም ገና የቀድሞው ነው። ስክሪኑ እንደ ዛሬዎቹ ወደ ጎን የተለጠጠ አይደለም፤ ቁመት አለው፤ ለጽሑፍ ይመቻል። ኪቦርዱንማ ተዉት። ከዚያ ወዲህ ስንት ላፕቶፕ ነካሁ፤ እንደሱ ጣቴን ያሳረፈ አላገኘሁም።

ግን ያልጣልኩት በፍቅር ብቻ አይደለም። የፊልም ስካነር አለኝ። የድሮ ፎቶዎችን ኔጌቲቭ የሚያነብ። ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ቆሟል፤ ፋብሪካው ከዚያ ወዲህ ሌላ አላወጣለትም። ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ሲስተም ላይ ሞከርኩት፤ እንዳለም አላየውም። ስለዚህ ኤክስፒ የግድ ያስፈልገኛል። ማይክሮሶፍት ደግሞ በኤፕሪል 2014 ለኤክስፒ የጥገና ማሻሻያ መስጠቱን አቁሟል፤ በሱ ኢንተርኔት መግባት በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። የፈለግኩት ሁለቱንም ነበር። አንድ ማሽን፣ ሁለት ሲስተም። ኤክስፒ ለስካነሩ፣ ሊኑክስ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት።

ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሳይከፍተው፣ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ ለሙዚየም ነው፤ ይጣል» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እልህ ግን ያዘኝ። ራሴው እሠራዋለሁ አልኩና ሄጄ ኤስኤስዲ (የሚዞር ሳህን የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ገዛሁ። ስፋቱ ከድሮው ዲስክ ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ተኩል ኢንች። በቃ ይገባል አልኩ።

አይገባም። የቲ42 ሃርድ ዲስክ በአንድ ብሎን ነው የተያዘው፤ ማውጣቱ ቀላል ነው። ችግሩ ጫፉ ላይ ነው። የድሮው አይዲኢ የሚባለው ነው፤ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 44 ቀጫጭን ፒኖች አሉት። እኔ የገዛሁት ሳታ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው፤ ጫፉ ጠፍጣፋ። እንደ ጥፋተኛ ልጅ የድሮውን መልሼ ልከት ስል አጣመምኩት። ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም» የሚል መልእክት መጣ። ሁለት ፒን አጥፌ ነበር። የብዙ ዓመት ፎቶ ውስጡ አለ። ባክአፕ? የለም። አትፍረዱብኝ።

እሷን የጠቆመኝ አንድ ወዳጄ ነው። ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጠው የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ኤስኤስዲው አልነበረም። «ጋሼ፣ ውስጡ የሚፈልጉት ፋይል አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «እንግዲያው ከአሁን ጀምሮ አይብራ።»

የታጠፉትን ፒኖች ያቃናችው እርሳስ ባልገባበት ቀጭን መጭመቂያ እርሳስ ጫፍ ነው። ቀዳዳውን ፒኑ ላይ ታጠልቀዋለች፤ ቀስ ብላ ቀና ታደርገዋለች። ቀላል ይመስላል። እኔ ብሆን ሰብሬው ነበር።

ከዚያ ዲስኩን ወደ ላፕቶፑ አልመለሰችውም። በዩኤስቢ መቀየሪያ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ዲስኩ ላይ እንደሚጽፍ ነገረችኝ። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ከቀሪ ዕድሜው ላይ የምትነሳ ናት። የተጠቀመችው ዲዲሬስኪው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ተራ ኮፒ ማድረጊያ መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ይቸከላል፤ እየደጋገመ ያንኑ ቦታ ሲፍቅ ዲስኩ ይሞትበታል። ይሄኛው ግን መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ጠራርጎ ያወጣል፤ የተበላሸውን ዘሎት ያልፋል፤ በኋላ ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ ይሞክረዋል። የት እንደደረሰም መዝግቦ ስለሚይዝ፣ መሐል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ ሲግል ታጠፋዋለች፤ ታሳርፈዋለች፤ እንደገና ታስጀምረዋለች። ሁለት ቀን ፈጀ። ከ40 ጊጋባይቱ ሳይነበብ የቀረው 1 ሜጋባይት አይሞላም።

ቅጂውን ሰጥታኝ፣ እሷው ፊት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ እንዳይ አደረገችኝ። «አይቻለሁ፤ ደህና ናቸው» እስክል ድረስ ሌላ ሥራ አልጀመረችም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚህች ነገር ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ቀጥሎ ምን ይገዛ የሚለው መጣ። ውድ ነገር ታስገዛኛለች ብዬ ኪሴን ይዤ ነበር። መጀመሪያ ያለችኝ በስህተት የገዛሁትን እንዳልጥለው ነው። ዩኤስቢ ማቀፊያ ግዛለትና ባክአፕ አድርገው አለችኝ። አሁን ፎቶዎቹ ያሉት እሱ ላይ ነው። ለላፕቶፑ የመረጠችው ኤምሳታ የሚባለውን ትንሹን ኤስኤስዲ ነው፤ ባለ 44 ፒን አዳፕተር ላይ የሚሰካ። አዳፕተሩ ሁለት ሥራ አለው። የአይዲኢን ቋንቋ ወደ ሳታ ይተረጉማል፤ ላፕቶፑ የሚልከውን 5 ቮልት ደግሞ ኤምሳታው ወደሚፈልገው 3.3 ያወርዳል። የካሜራ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ የሚያደርጉም አሉ። ርካሽ ካርዶች ሲስተም ሲጫንባቸው፣ ያን ሁሉ ጥቃቅን ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ አይችሉትም ብላ ተወችው።

እኔ ሳጥኑ ላይ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት የሚለውን አይቼ ጓጉቼ ነበር። ሳቀች። «እቃው 500 ይላል፤ የላፕቶፑ በር ግን ከ100 በላይ አያሳልፍም። ፈጣኑን ትተው አስተማማኙን ይግዙ።» ታዲያ ጥቅሙ ምንድነው? ጥቅሙ መፈለጉ ላይ ነው። የድሮው ዲስክ አንድ ፋይል ለማግኘት ክንዱን አንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ እስኪዞር ጠብቆ፣ ከ10 ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም፤ የሚሊሴኮንድ አንድ አስረኛ አካባቢ ይበቃዋል። ኮምፒውተር ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ስለሚፈልግ ልዩነቱ እዚያ ላይ ያፈጣል። መጠኑን 120 ጊጋባይት ያደረገችውም ያለ ነገር አይደለም። የድሮው የዲስክ አቆጣጠር 137 ጊጋባይት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ሲሆን የሚነካካ ነገር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ጣል አደረገች። «እንኳን ቲ43 አልሆነ።» ለካ የሚቀጥለው ሞዴል ቦርዱ ላይ የራሱ መቀየሪያ ቺፕ አለው፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ደግሞ የማያውቀው ዲስክ ሲገባበት በተነሳ ቁጥር 2010 የሚል የስህተት ቁጥር እያሳየ ያስቸግራል። ይህን ምንም ሳታገላብጥ ስትናገር ልቤ አረፈ። ቤቷን ታውቀዋለች።

ወደ ሁለቱ ሲስተም ልምጣ። የድሮውን ዊንዶውስ እንዳለ ገልብጪልኝ ብያት ነበር። ይቻላል፣ ግን መጥፎ ቦታ ላይ የነበሩት ፋይሎች የቱ ጋ እንደተጎዱ ማን ያውቃል አለች። የስካነሩ ሲዲ በእጄ ስለነበር አዲስ ተጫነ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ኤክስፒ ይቀድማል፣ ሊኑክስ ይከተላል። ኤክስፒ ሲጫን የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚያነበውን ቁራጭ) ማንንም ሳይጠይቅ የራሱ ያደርገዋል። ሊኑክስ በኋላ ሲመጣ ግሩብ የሚባለውን ማስነሻ ያስቀምጥና ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል። በተቃራኒው ብታደርጉት ሊኑክሱ አለ፣ መግቢያው የለም።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት የሠራችው ነው። የኤክስፒ መጫኛ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍል) የሚጀምረው 63ኛው ሴክተር ላይ ነው። ለድሮ ዲስክ ችግር የለውም። ኤስኤስዲ ግን የሚጽፈው በገጽ በገጽ ነው፤ መነሻው ከገጹ ጋር ካልገጠመ አንዷ ጽሕፈት ሁለት ገጽ ላይ ትወድቃለች፤ ሥራው እጥፍ፣ ድካሙም እጥፍ። ስለዚህ ፓርቲሽኖቹን ቀድማ በሊኑክስ፣ ከ2048ኛው ሴክተር ጀምራ ከፈለች፤ ኤክስፒን የተከፈለለት ቦታ ላይ አስገባችው። መጨረሻ ላይም የተወሰነ ቦታ ባዶ ተወች። ኤክስፒ ትሪምን አያውቅም፤ ፋይል ሲሰርዝ ለኤስኤስዲው «ይህ ቦታ ነጻ ነው» ብሎ አይነግረውም። ባዶው ቦታ ኤስኤስዲው ራሱን የሚያደላድልበት ጓዳ ነው። ዲፍራግ የሚባለውን፣ የተበታተኑ ፋይሎችን የሚያሰባስበውን ነገር ደግሞ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ባለ 32 ቢት ዴቢያን 12 የሚባለውን መረጠች። የዚህ ላፕቶፕ ፔንቲየም ኤም ፕሮሰሰር 64 ቢት አያውቅም። ሌላም አመል አለው። ፒኤኢ የሚባለውን (ብዙ ራም ለመጠቀም የሚያስችለውን) ችሎታ ይዞ፣ ሲጠየቅ «የለኝም» ይላል። በዚህ ምክንያት ብዙ መጫኛዎች ገና በሩ ላይ ይመልሱታል። ዴቢያን 12 ፒኤኢ የማይጠይቅ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አለው። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ የለውም። ስለዚህ ይህ መንገድ ረጅም እንዳልሆነ አልደበቀችኝም።

ሁለቱም ሲስተሞች የሚጽፉበት አንድ ፋት32 ፓርቲሽን አለ። ኤክስፒ ላይ ስካን አድርጌ እዚያ አስቀምጣለሁ፤ ሊኑክስ ገብቼ እልከዋለሁ። የኤክስፒን ኔትወርክ ዘግታዋለች። ራሙም 2 ጊጋባይት ሆኗል፤ ቦርዱ የሚችለው እሱን ነው።

ላፕቶፑን በወሰድኩ በሳምንቱ ደወልኩላት። ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ስሻገር ሰዓቱ ይዛባል። የቦርዱ ባትሪ አልቋል ብዬ ደምድሜ ነበር። አይደለም። ኤክስፒ የቦርዱን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያፈርሰዋል። በስልክ አንድ መስመር ትእዛዝ አስጻፈችኝና ሊኑክሱ ለኤክስፒ እንዲገዛለት ሆነ። ለዚህ ምንም አላስከፈለችኝም።

አሁን ኤክስፒ በግማሽ ደቂቃ ይነሳል። ሊኑክሱ ትንሽ ይዘገያል። ቀጭ ቀጩ የለም፤ የሚሰማው የፋኑ ድምፅ ብቻ ነው። ተአምር ግን አትጠብቁ። ቪዲዮ የሞላባቸው ድረ ገጾች አሁንም ያስጨንቁታል፤ ፕሮሰሰሩ ያው የ2004 ነው። እሷም አስቀድማ ነግራኛለች። ሌላም ነገር ነገረችኝ። የዚህ ሞዴል ደካማ ጎን የግራፊክስ ቺፑ ብየዳ ነው፤ ላፕቶፑን በአንድ ጥግ ይዛችሁ ስታነሱት ቦርዱ ይጎብጥና ብየዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ይኸው በሁለት እጄ እንደ ሕፃን ነው የምይዘው። ቤት ውስጥ ይስቁብኛል።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። አትቸኩልም። «ዛሬ ይደርሳል?» ብትሏት «አይደርስም» ትላችኋለች፤ የኔው ከሳምንት በላይ ቆይቷል። ሥራ ላይ ሆና ስልክ አታነሳም። እና ያልተጠየቀችውን አትሠራም፤ ማጠፊያው እንደላላ አይታ ዝም ብላ መለሰችልኝ፤ «አላዘዙኝም» አለች። ይቺ ትንሽ አናዳኛለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ። ስምሽን እዚህ እንዳልጽፍ ስላልሽኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የዲስኩ ድምፅ ከተለወጠ ደጋግማችሁ አትክፈቱት። የድሮ ሲዲዎቻችሁን ፈልጋችሁ ያዙ። ቻርጀሩንም አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ከደጃፏ ተመልሻለሁ።